እጀታ የሌላቸው አሥራ አንድ በሮች

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14። የጠዋት ቆጠራ፦ አባቴ ከመኝታ ክፍላቸው ተነሥተው ሳሎን እስኪደርሱ ግድግዳ ሁለት ጊዜ፣ የመስታወቱን መከለያ አንድ ጊዜ ገጭተዋል። መታጠቢያ ቤቱን ሲፈልጉ ቁም ሳጥን ከፍተዋል። ዛሬ አልወደቁም።

ለተከበሩ የቤት ውስጥ ዲዛይነር፣ እንዲሁም የዲዛይነሮች ማኅበር ሊቀ መንበር፤
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የቤተሰብዎ፣ የቢሮዎ፣ በሠላሳ አንድ ቅንጡ ቤቶች ውስጥ የቀቡት ግራጫ ቀለም ሁሉ ደህንነት ይብዛ እያልኩ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ፣ ባለቤቴና አባቴ፣ እርስዎ ባስቀመጡን ቦታ ሳንነቃነቅ ደህና ነን።

ምናልባት ያስታውሱኝ ይሆናል፤ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ የበር እጀታ፣ ማጠፊያና ቁልፍ የምሸጠው ነጋዴ ነኝ። የቀን ማስታወሻ የመያዝ ልማድ አለኝ፤ ይህንንም የምጽፈው ከዚያው እያመሳከርኩ ስለሆነ የተጋነነ ነገር ቢያገኙበት ጥፋቱ የቤቱ እንጂ የእኔ አይደለም። በጋዜጣ መጻፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። ለቢሮዎ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች እጅግ በሚያምር ወረቀት እጅግ የሚያምር ዝምታ ስለተመለሰላቸው ነው።

የሙያ ሕይወትዎን በአክብሮት ተከታትያለሁ። የጫማ መደብር መስኮት በማስጌጥ ጀምረው ወደ ሆቴል አዳራሽ፣ ከዚያም ወደ ባለጸጎች ቤት እንዳደጉ መጽሔቱ ላይ አንብቤያለሁ። መስኮት ሲያስጌጡ የተማሩትን አንድ ትምህርት ይህን ያህል ዘመን አለመርሳትዎ ይገርመኛል፤ መስኮት ውስጥ የሚኖር ሰው የለምና።

ቤቴን ለእርስዎ የሰጠሁት በገዛ እጄ ነው፤ ማንንም አልከስም። ባለቤቴ መጽሔቱን ይዛ መጥታ «አንድ ጊዜ እንኳ እንደ ሰው እንኑር» አለችኝ። እኔም እንደ ልማዴ ተከራከርኩና ዋጋውን በግማሽ ይቀንሱልኝ አልኩ። እርስዎ የያዙትን ሻይ እንኳ ሳያስቀምጡ «እሺ» አሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ስነግድ፣ ቶሎ እሺ ካለኝ ሻጭ ዕቃውን አገላብጬ ሳላይ ገዝቼ አላውቅም፤ የዚያን ቀን ግን ቅናሹ ዓይኔን ጋረደውና ፈረምኩ። አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀማው የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ለካስ የውሉ ሰባተኛ አንቀጽ፣ ለቅናሹ ምላሽ ቤቴ ለሦስት ዓመት የእርስዎ ማሳያ እንደሚሆን፣ ደንበኞችዎ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ እንደሚጎበኙት፣ ያለ እርስዎ የጽሑፍ ፈቃድ ዕቃ እንደማይነሣበትና አንዲት ሚስማር እንኳ እንደማትመታበት ይናገራል። ያፈረሰ ሰው የሚከፍለውን ቅጣት ሱቄ ከነዕቃው ቢሸጥ አይሞላውም። ለጠበቃ አሳየሁት። አንብቦ ሲጨርስ «በጣም ጥሩ ውል ነው» አለኝ፤ ጥቂት ቆይቶም «ለእርሳቸው» አለ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ በሮቹ። አባቴ ዓይናቸውን ካጡ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ያን ጊዜ ከሱቄ እየመረጥኩ ለየበሩ የተለያየ እጀታ ገጥሜላቸው ነበር። ለመኝታቸው ድቡልቡል፣ ለመታጠቢያ ቤቱ ረጅም ብረት፣ ለወጥ ቤቱ እንጨት፣ ወደ ደጅ ለሚያወጣው ጠመዝማዛ። በሳምንት ውስጥ እጃቸው ቤቱን አጠናው፤ ከዚያ ወዲያ መንገድ ጠይቀውን አያውቁም። እርስዎ በመጀመሪያው ቀን ዞር ዞር ብለው አዩና «ይህ ሁሉ የዓይን ጫጫታ ነው» ብለው አስነቀሏቸው። አሁን ከነቁም ሳጥኑ አሥራ አንዱም በሮች ከግድግዳው ጋር አንድ አካል ናቸው። ገፋ ሲያደርጓቸው ይከፈታሉ፤ የቱ ጋ እንደሚገፋ ለሚያውቅ። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ሲባል እሰማ ነበር፤ እኔ እጀታ ነጋዴው ግን ገሉንም አጣሁ።

ሁለተኛ፣ ሳሎኑን በሁለት ደረጃ ዝቅ ስላደረጉልን። «ወለሉ ታሪክ እንዲናገር ነው» ብለውን ነበር። አባቴ በመጀመሪያው ሳምንት ታሪኩን በጉልበታቸው ሰሙት።

ሦስተኛ፣ ስለ ቅዳሜ እንግዶችዎ። ወለሉ እንዳይጫር በካልሲ ስለሚገቡ አባቴ መምጣታቸውን አይሰሙም። አንድ ቀን አንዲት እመቤት ሶፋው ጥግ የተቀመጡት አባቴ ሲያስነጥሱ ደንግጣ «ኧረ ሰው ነው እንዴ!» ብላ ጮኸች። አባቴም «እስካሁን ነኝ እመቤቴ፤ የሚለወጥ ነገር ካለ ያሳውቁናል» አሏት። በሌላው ቅዳሜ ረዳትዎ፣ ጨዋ ልጅ ናት፣ አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ ቡኒው ኮታቸው ከክፍሉ ጋር ስለማይሄድ ነጣ ያለ ነገር ቢለብሱ ብላ ለመነቻቸው። «ልጄ፣ ይህን ቤት በአንድ ቀለም በማየት እኔ ዘጠኝ ዓመት እቀድማችኋለሁ» ብለው ሳቁ። እኛም ሳቅን። ኮቱን ግን ቀየሩት።

አራተኛ፣ ስለ ፍትሑ። ቅሬታ ያለው ለማኅበሩ ቅሬታ ሰሚ ያመልክት ስለሚል ውሉ፣ አመለከትኩ። የጠየቅሁት አንድ እጀታ ነው፤ ለመታጠቢያ ቤቱ በር ብቻ፣ ከፈለጉም ግራጫ። መልሱ በአርባኛው ቀን መጣ። ጉዳዩ በከፍተኛ ርኅራኄ እንደታየ፣ ነገር ግን እጀታ በሌለበት ቤት አንድ እጀታ ቢገጠም የጎብኚውን ዓይን ሁሉ ወደዚያ እንደሚስብ ይገልጻል። ከሥር ሊቀ መንበር ብለው የፈረሙት እርስዎ ነዎት። ተከሳሹ ራሱ ዳኛ ሲሆን ጉዳይ እንዲህ ሳይጓተት ያልቃል።

መልሱን ስንጠብቅ ባለቤቴ በመታጠቢያ ቤቱ በር ጠርዝ ላይ የጥፍር ስፋት ያላት የቁስል ፕላስተር ለጥፋ ነበር። አባቴ በጣታቸው አገኟት፤ አራት ቀን ሙሉ ማንንም ሳይጠሩ ሄደው ተመለሱ፣ በአምስተኛው ቀን እንዲያውም ሲያፏጩ ሰማኋቸው። ቅዳሜ ረዳትዎ ፕላስተሯን አየች፤ ፎቶ አነሣች፤ ላጠቻት። ሰኞ የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ ደረሰኝ። ሁለተኛ ቢደገም ቅጣቱ ወዲያው ይጸናል ይላል።

ይህን የሚቀጥለውን በቁጥር ማስቀመጥ አልቻልኩም። ከዚያ ሰኞ ወዲህ አባቴ ውኃ መጠጣት ቀነሱ። የነቃችባቸው ባለቤቴ ናት፤ የምትቀዳላቸው ብርጭቆ እንደሞላ ትመልሰው ነበር። «አባባ፣ ለምን አይጠጡም?» ስትላቸው «ያልገባ አይወጣም፤ ሰው ከማስቸገር ይሻለኛል» አሏት። ሐኪሙ ጋ ወሰድኳቸው። ኩላሊታቸው ውኃ እንደሚፈልግ ነገረኝና ምን ከለከላቸው ብሎ ጠየቀኝ። ለሐኪም ስለ በር ማስረዳት ከበደኝ።

ነጋዴ ነኝና ተቀምጬ አሰላሁት። እጀታውን ብገጥም ሱቁና የሱቁ አራት ሠራተኞች ይሄዳሉ፤ ባልገጥም አባቴ ይሄዳሉ። ቤቱን እንዳልሸጠው ስምንተኛው አንቀጽ ይከለክለኛል። ብዙ ሰው በክርክር አሸንፌያለሁ፤ ይህን ግን ከየትኛውም ጫፍ ብይዘው የሚያልቀው በአንድ ቦታ ነው።

ትናንት አባቴ ራሳቸው አቃለሉልኝ። «ልጄ፣ እህትህ ጋ ልሂድ። እሷ ቤት በሩ ሁሉ ሲጢጥ ይላል፤ የቱ እንደሆነ በድምፁ አውቀዋለሁ» አሉኝ። የእህቴ ቤት በአውቶቡስ የሰባት ሰዓት መንገድ ነው። ሦስቱ ዓመት እስኪሞላ ብቻ ነው አልኳቸው። «ሰማንያ አራት ዓመቴ ነው፤ ሦስት ዓመትን እንደ ዋዛ አትጥራት» አሉኝ። ባለቤቴ ሻንጣቸውን እያዘጋጀች ነው፤ ቡኒውን ኮት ከላይ አድርጋዋለች።

ቤቱ ያማረ መሆኑን አልክድም። ደጅ ቆሞ ላየው ሰው እንደዚያ ያለ ቤት የለም። ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ፊርማዎ፣ ስለ ሰባተኛው አንቀጽ ጥራት ደግሜ ደጋግሜ እጅ እየነሣሁ፣ ሙያዎ ይስፋ፣ የሚያስጌጧቸው ቤቶች ይብዙ፣ እርስዎም ረጅም ዕድሜ ኖረው በእርጅናዎ ዘመን እንዲህ ያለ ቤት ይደርስዎ ዘንድ ከልብ እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከፍጹም መታዘዝ ጋር፣
በገዛ ቤቱ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ የማይነቃነቀው ደንበኛዎ፣
እጀታ ነጋዴው።

ማሳሰቢያ፦ በዕቅዱ ወረቀት ላይ፣ በአባቴ ክፍል ጎን፣ በእጅ ጽሑፍዎ «ባዶ ቢሆን ይበልጥ ያምራል» ብለው ነበር። ለፊታችን ቅዳሜ እንዳሉት ይሆናል፤ ካሜራዎን ይዘው ይምጡ። ሰባተኛው አንቀጽ ዕቃ ማንሣትን እንጂ ሰው ማንሣትን ስለማይጠቅስ ለዚህኛው ፈቃድ አልጠየቅሁም።

ነገ፦ ከጠዋቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት መናኸሪያ። ለመሄጃ ሁለት ትኬት፣ ለመመለሻ አንድ።