የመታጠቢያ ቤቱ ዘንባባ

ማክሰኞ

ወጣ! ጥርሴን እየቦረሽኩ አየሁት። ከሦስቱ አሮጌ ቅጠሎች መሀል፣ እንደታጠፈ ጃንጥላ ቀጥ ብሎ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም አዲስ ቅጠል ያላወጣ ዛፍ!

ለጓደኛዬ ለዳዊት ወዲያው ደወልኩ። ሳን ሆዜ ካለው ቤቱ አምጥቶ የሰጠኝ እሱ ነው። ሁለት ነበሩት፣ ለራሱ ያስቀረው አምና ሞተበት። "የቫኑአቱ ደሴት ዛፍ ኦክላንድ ብርድ ላይ? አላምንህም፣ ፎቶ ሴንድ አድርግልኝ" አለ። ላክሁለት። ለፋሲካ መጥቶ በዓይኑ ሊያየው ነው። ቀኑን ሙሉ አውቶቡሱን እያፏጨሁ ነዳሁ።

ሐሙስ

ትንሽ አደገ። እርጥበት ስለሚወድ የማኖረው መታጠቢያ ቤት ነው። እትዬ ወይንሸት ግን ተቸግረዋል። የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፣ ከአዲስ አበባ ከመጡ ሦስተኛ ሳምንታቸው። ገላቸውን ሊታጠቡ ሲሉ "ይሄን ሰውዬ አውጣልኝ" ይላሉ። ዛሬ ምንነቱን ጠየቁኝ።

"ዘንባባ ነው፣ እትዬ።"

"ዘንባባ? እዚሁ ቤት ውስጥ?" ፊታቸው በራ። እኔም ደስ አለኝ።

ዓርብ

ጫፉ ላላ ብሏል። ሊዘረጋ ነው! የሚያስፈልገኝ፦ የተጣራ ውሃ፣ ትንሿ ሂተር፣ "መስኮት አይከፈት" የሚል ወረቀት። ለጠፍኩ። እትዬ ግን መክፈታቸው አይቀርም።

ቅዳሜ

ከሥራ ስገባ እትዬ ሳሎን ተቀምጠው የቅጠል ቀለበት ይሠራሉ። ነጣ ያለ፣ ለጋ ቅጠል። ሮጬ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። አዲሱ ቅጠል ከአናቱ አንድ ስንዝር ያህል የለም።

"እትዬ፣ ምን አደረጉ?"

"ነገ ሆሳዕና አይደለም እንዴ? ለቀለበት የሚሆነው ለጋው ነው። አሮጌዎቹን አልነካሁብህም።"

ጮኽኩባቸው። ዘንባባ ልቡ አንድ ናት፣ እሷ ከተቆረጠች አለቀለት እያልኩ። ቀለበቶቹን ጭናቸው ላይ ሰበሰቡ። አሁን ሳስበው ጥፋቱ የኔ ነው። የፈረንጅ ስሙን ብነግራቸው ማን ይነካው ነበር? አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ወሰድኳቸው። ከቅዳሴ በኋላ እጄን ያዙና አንዷን ቀለበት አጠለቁልኝ። አላወለቅኳትም።

ዳዊትን አማከርኩት። "ዋናው ልቡ ታች ነው፣ አይተርፍም አትበል" አለኝ። "ማርከር አምጣ። አዲሱንና አጠገቡ ያለውን የአሮጌ ቅጠል ዘንግ አያይዘህ አንድ መስመር አስምር። መስመሩ ከተሰበረ፣ የአዲሱ ግማሽ ከፍ ካለ፣ እያደገ ነው። ኮል አድርግልኝ።" አሰመርኩ።

ማክሰኞ

ምንም። ሦስቴ ገብቼ አየሁት። ይቅርታ ብዬ እትዬን ልስማቸው ብል ሰሙነ ሕማማት ነው፣ መሳሳም የለም። "እስከ ፋሲካ አትጠጋኝ" አሉ፣ ፈገግ ብለው። ታዲያ ይሄን ይቅርታ ይዤው ልዙር?

ረቡዕ

"ና! ቶሎ ና!" እትዬ ከመታጠቢያ ቤት ሲጣሩ የወደቁ መስሎኝ በረርኩ። መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ ብለዋል። መስመሩ ተሰብሯል! ክፍተቷ የሩዝ ፍሬ ብታህል ነው፣ ግን ተሰብሯል! እትዬ እልል ማለት ከጀመሩ በኋላ ሕማማት መሆኑ ትዝ ብሏቸው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ዓርብ

ስቅለት። እትዬ ሲሰግዱ ውለው ጉልበታቸውን እያሹ ገቡ። "ለዛፍህም ጨምሬለታለሁ" አሉኝ። መስመሮቹ በአንድ ጣት ተራርቀዋል።

እሑድ

ተዘረጋ! ክብ፣ ሽንሽን፣ ትሪ የሚያህል። የሌሎቹ ቅጠሎች ዳር ጥርስ ጥርስ አለው፣ የዚህ ግን አናቱ ቀጥ ብሎ ተከርክሟል። ፀጉር ቤት ደርሶ የመጣ ይመስላል። እትዬን ጉንጫቸው እስኪቀላ ሳምኳቸው።

ዳዊት ደረሰ። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ መታጠቢያ ቤት ገባና ቅጠሉን ዞሮ ዞሮ አየው። "ጫፉ ለምን ስኩዌር ሆነ? ሌላ ቫራይቲ ነው እንዴ?"

እኔ ከመመለሴ በፊት እትዬ ቀደሙኝ። "ጫፉማ ሆሳዕናን ሊያከብር ሄዷል።" ጣቴ ላይ የደረቀችውን ቀለበት አሳየሁት። እየሳቀ ቅጠሉ ላይ ለካት።

አሁን እንግዳው ሄዷል። ከአዲሱ ቅጠል ሥር እንደ መርፌ የቀጠነች ሌላ ጫፍ አየሁ። እትዬም አይተዋታል። "ይቺስ ለመቼ ትደርሳለች?" ብለው ጠየቁኝ።

መቀሱን ደብቄዋለሁ።