ከቆርቆሮው ማዶ ያሉት የጀርመን ሳንቲሞች

ሰኞ፣ ጥቅምት 8። ጠዋት

ሱቁን ከፈትኩ። ጠረግኩ። ጠገራ ብሮቹን ከጨርቃቸው አውጥቼ መስታወቱ ውስጥ ደረደርኩ። ሻይ አዘዝኩ፣ ሁለት ብርጭቆ። አንዱን ጠጣሁ። ሌላው እየቀዘቀዘ ነው። የጋሽ ሙላቱ በርጩማ ባዶ።

ድምፃቸውን ግን እሰማለሁ። ከድር ሱቅ ናቸው። እኔንና ከድርን የሚለየን አንድ ቆርቆሮ ነው፤ ሳላቸውን እንኳ ከሌላ ሰው ሳል ለይቼ አውቀዋለሁ። እየሳቁ ነው። እኔ ጋ እንዲህ ስቀው ያውቃሉ? አሰብኩ። አላስታወስኩም።

ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። በሄዱበት አገር ሁሉ አሮጌ ገንዘብ ሲለቅሙ ኖረው አንድ ሣጥን ሞልተዋል። ሰኞና ቅዳሜ የእኔ ነበሩ። ከድር ደግሞ እስከ ዓምና ዚፕና የልብስ ቁልፍ ሲሸጥ የነበረ ሰው ነው። አብሮ አደጌ ነው። ስለ ብር ምን ያውቃል?

ሻዩን መልሼ ሰደድኩት። ሳይጠጣ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9

ነገሩ ታወቀ። ከድር የጀርመን ሳንቲሞች አስመጥቷል። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ገንዘብ። ዱባይ ያለው አማቹ በኢንተርኔት ገዝቶ በሰው ላከለት። ሳይነካ፣ ሳይመዝን፣ ፎቶ አይቶ! ሰው ሳንቲምን በፎቶ ይገዛል?

አንተን፣ ማስታወሻዬን፣ አልዋሽህም። የሚያሳስበኝ ሳንቲሙ አይደለም። ጋሽ ሙ. ወሩ ሲያልቅ ልጃቸው ጋ፣ ሐዋሳ፣ ጠቅልለው ሊገቡ ነው። ሣጥኑን ይዘው አይሄዱም። ለሚያውቅበት ሰው እተወዋለሁ ብለዋል። ይህን ሲሉ እዚህ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር።

አሁን ማን ላይ ነው?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 13። ከምሳ በኋላ

ፈረድኩ።

ከድር ቀይ ከፋይ ጨርቅ ይዞ ገባ፣ ጋሽ ሙ. ከኋላው። በል፣ የሰፈሩ ዳኛ አንተ ነህ አለኝ፤ ጨርቁን ገለጠው። አምስት ናቸው። አራቱ ትንንሽ፣ ግራጫ፣ ፊታቸው የደበዘዘ። አንዱ ትልቅ፣ ነጭ፣ የሚያበራ። ሁሉም ላይ ንስር አለ፤ ከእግሩ ሥር ያ የተቆለመመ መስቀል። ከድር ትልቁን በአውራ ጣቱ ያሻሸዋል። ጋሽ ሙ. ግን የሚያገላብጡት ግራጫዎቹን ነው። አንዷን ወደ ብርሃን አውጥተው ሲያዩ አየኋቸው። የእኔን ጠገራ እንደዚያ አይተውት አያውቁም።

እኛ እንደምናደርገው አደረግኩ። የበሩ ደፍ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ጣልኳቸው። ብር ሲወድቅ ይዘምራል፤ አባቴ ያስተማረኝ ይህንን ነው። ትልቁ ዘመረ። ዘለግ ያለ፣ ጥሩ ድምፅ። ቅር ብሎኝ ወደ ግራጫዎቹ ዞርኩ። ጧ። ጧ። ምንም። አንዷማ መዳፌ ላይ መኖሯም አይታወቅም፤ ቅጠል የያዝኩ ነው የመሰለኝ።

“ከድሬ፣ ለእነዚህ ለግራጫዎቹ ዱባይ ድረስ ምን አለፋህ?” አልኩት። “ምን አለሽ ተራ ብትሄድ ከምድጃ የተረፈ ቆርቆሮ ቆርጠው ይሠሩልህ ነበር።”

በር ላይ የቆሙት ሁሉ ሳቁ። ከድርም ሳቀ። “አቦ፣ አንተ ምቀኛ!” አለኝ። ጆሮው ግን ቀልቷል።

ጋሽ ሙ. አልሳቁም። አስፋው፣ አንተ እኮ በጆሮህ ነው የምታየው አሉኝ። ከዚያ ወጡ። ወደ በርጩማቸው ሳይሆን ከድርን ተከትለው።

አሸንፌ የለም እንዴ? ታዲያ ለምን ብቻዬን ነኝ?

ሰኞ፣ ጥቅምት 15

ጎጃም በረንዳ አጠገብ ኢንተርኔት ቤት ገባሁ። ለምን እንደገባሁ ለራሴም አልነገርኩም። ገጹ ከላይ ወደ ታች እየተንጠባጠበ ይከፈታል። ግማሽ ንስር። ጠበቅኩ። ሙሉ ንስር።

ጦርነቱ መዳቡንና ኒኬሉን ለመድፍና ለጥይት ወሰደው። ለሕዝቡ የዕለት ሳንቲም የተረፈው ዚንክ ነበር። ጣሪያችን ቆርቆሮ እንዳይዝግ የሚቀባው ያ ዚንክ። ቅጠል የመሰለችኝ ደግሞ አሉሚኒየም ናት። አይዘምሩም። እውነተኞቹ አይዘምሩም። እኔ እንደ ጠገራ ዝፈኑ አልኳቸው፣ ዝም ሲሉ ሐሰት ናችሁ አልኳቸው።

ትልቁስ? እንደ እሱ ያለው የብር አምስት ማርክ መመታት ያቆመው ጦርነቱ ሲጀመር ነው። የከድር ሳንቲም ላይ የተጻፈው ዓመት የጦርነቱ መሐል ነው፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። እንዲህ ያለ ሳንቲም በዓለም ላይ የለም። አንድ ሰው ጓሮው ውስጥ የሠራው ነው። የዘመረልኝ እሱ ብቻ ነው።

ገጹን ወደ ታች ወረድኩ። ግራጫዎቹ ውድ አይደሉም። ፈላጊ የሚኖራቸው የጥንት ቆዳቸው ሳይነካ፣ እንደጠቆሩ ሲገኙ ነው። የታጠበውን ማንም አያነሳውም። ሆምጣጤ፣ ሎሚ፣ ማንኛውም ኮምጣጣ ነገር ዚንክን ይበላዋል።

መብራት ጠፋ። ጨለማ ውስጥ፣ ስክሪኑ ፊት ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

መጀመሪያ የተሰማኝ ሐፍረት አልነበረም። ትልቁ ሐሰት ነው! ልቤ ዘለለ። ቀጥሎ ግራጫዎቹ እውነት መሆናቸው ትዝ አለኝ፣ ልቤ ተመልሶ ተቀመጠ። እንዲህ ነኝ። ጻፍኩት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 17

ዕቅዴ ግማሹን መናገር ነበር። ትልቁን ብቻ። ጋሽ ሙ. ባሉበት ዓመቱን አሳይቼ፣ ስለ ግራጫዎቹ ዝም ብዬ። ግማሽ እውነት ውሸት አይደለም እያልኩ ጠዋቱን ሙሉ ለፍርድ ቤት እንደሚዘጋጅ ሰው ተለማመድኩ።

ከድር ቀደመኝ። ብርቱካን ይዞ መጣ፤ ያለ ምክንያት፣ እንዲሁ። ልጣጩን እየላጠ ምቀኛ ያልኩህን እርሳው አለኝ፣ ለጨዋታ ነው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ግራጫዎቹን ለጋሽ ሙ. ሊሰጣቸው ነው። ለመሸኛ። ሐሰትም ቢሆኑ ወደዋቸዋል፣ ሰው የወደደውን ይዞ ቢሄድ ምናለ አለ። ግን እንዲህ ጠቁረው አልሰጥም፣ ያሳፍራል። አንተ ጠገራዎቹን እንዴት ነው እንደዚያ የምታነጣቸው? አለኝ።

እኔ ሣጥኑን እንዴት እንደምቀበል ሳሰላ ሰንብቻለሁ። እሱ ምን እንደሚሰጥ ሲያስብ ሰንብቷል። ይህን ሲነግረኝ ሐፍረት ቢመጣ ጥሩ ነበር። የመጣው ቅናት ነው፤ ከበፊቱ የባሰ። ደግነቱን ቀናሁበት።

“ሎሚና አመድ” አልኩት። “አሽተህ አሳድረው።”

አፌ ነው የተናገረው። ለብር እውነት ነው፤ አባቴም፣ እኔም፣ ሁላችንም የምናደርገው ነው። አልዋሸሁም። አንድም ቃል አልዋሸሁም።

አመስግኖኝ ሄደ። ግማሽ ብርቱካን ትቶልኝ። አልበላሁትም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 19። ከሰዓት

ነገ ነው ከድር ግራጫዎቹን የሚሰጣቸው። ጋሽ ሙ. ማዶ ናቸው፤ እየሰማኋቸው ነው። ከድር ከአትክልት ተራ ሎሚ አስመጥቷል። ለጋሽ ሙ. የሚላቸው ለሻይ ነው።

ደንበኛ የለም። ጠገራ እወለውላለሁ፣ እጽፋለሁ፣ እወለውላለሁ።

እንዲህ ይሆናል። ነገ ጠዋት ሳንቲሞቹ ተበልተው፣ ቁስል መስለው፣ ንስሩ ጠፍቶ ይነሳሉ። ሐሰት ነበሩ ማለት ነው ይላል ከድር፤ አስፋው ልክ ነበር። ጋሽ ሙ. አዝነው እዚህ ይመጣሉ። ይቀመጣሉ። ሣጥኑ ይመጣል። ማንም አያውቅም። የኢንተርኔት ቤቱ ስክሪን እንኳ ጠፍቷል።

ከዚያስ? ሣጥኑን እከፍታለሁ። ውስጡ ከየአገሩ የመጣ፣ የማላውቀው ብረት አለ፤ የሚዘምር፣ የማይዘምር። አንድ በአንድ ድንጋይ ላይ ልጥለው ነው? በዚሁ ጆሮ?

ሳህን ሲቀመጥ ሰማሁ። ውሃ። ጋሽ ሙ. አንዷን ቆይ ላያት፣ ከመታጠቧ በፊት አሉ፤ ከድር ሳያስበው ምስጢሩን ነገራቸው ማለት ነው። እየሳቁ ነው።

ቆርቆሮው ተንኳኳ።

“አስፋው! ወንድሜ! የቱ ነው የሚቀድመው፣ አመዱ ነው ሎሚው?”

ብዕሩን ይዤ ተቀምጫለሁ። አመዱ ብል በቃ፣ አለቀ። ሁለቱም አይደለም ብል ለምን ይለኛል። ለምን ካለኝ ሰኞን መንገር አለብኝ። ሰኞን ካልኩ ረቡዕ ዝም ያልኩት ለምን ነበር ይሉኛል፣ እሱ ሳይሆን ጋሽ ሙ.። ያኔ ሣጥኑ ሄደ። በርጩማውም።

ጋሽ ሙ. ተወው፣ አልሰማህም ይሆናል እያሉት ነው። ቢላው ሎሚውን ሲ

እንዳትነካው! ብዬ ጮህኩ። ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ቢላው ሲቀመጥ ሰማሁ። አሁን ሄጄ ምክንያቱን መንገር ነው የቀረኝ፤ ጠገራዎቹን እንኳ አልሸፈንኳቸውም፣ በሩም ክፍት