ከምንጣፉ ሥር

ፍሩዛን፣

አንቺ “ነገ፣ ነገ” ስትይ አዲሱ ዓመታችን ኖውሩዝ ደጃችን ደረሰ። ስለዚህ የበዓሉን ጽዳት ዛሬ ብቻዬን ጀመርኩት።

የሳሎኑን ምንጣፍ ስገልጠው ሽታው ራሴን አዞረኝ፤ ሮጬ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አስመለሰኝ። የድመትሽ ሽንት ነው። ጋዜጣ አልብሰሽ ምንጣፉን መልሰሽበታል። ፓሽማክ ጋዜጣ ማንጠፍ አይችልም መቼም!

ከሶፋው ጀርባ የደረቀ ትውከትና ግማሽ ድንቢጥ አለ። አልነካሁትም፤ ያንቺ ድርሻ ነው።

ምንጣፉን አጥቤ ጣሪያው ላይ አስጥቼዋለሁ፤ ዝናብ ከመጣ አስገቢው። መጋረጃዎቹ ባልዲ ውስጥ ተዘፍዝፈዋል።

ፓሽማክን አልጋ ሥር አትፈልጊው። ተናድጄ “አንተ ቆሻሻ!” ብዬ በመጥረጊያ ሳባርረው፣ ከበሩ ሳይደርስ ነጩ ወለል ላይ ሸና።

ደም ነው።

መቼ እንደጀመረው ታውቂ እንደሆነ አልጠይቅሽም።

በቅርጫት አድርጌ ከመንገዱ ማዶ ወዳለችው የእንስሳት ሐኪም እየወሰድኩት ነው። ይህን ስታነቢ ምንም ሳትነኪ ነይ። እጄን በዘረጋሁለት ቁጥር ፓሽማክ ይንቀጠቀጣል። ካንቺ በቀር የሚያረጋጋው የለም።

ጎልናር