የእማዬ ጠገራ ብሮች

ናጅዋ፣

እማዬ ጋ መርሳ ሄጃለሁ። ዛሬ ውሃ ይመጣል፤ ጀሪካኖቹን መሙላት እንዳትረሺ። ቁልፉን ጎረቤታችን እነ አማከለች ጋ ተይልኝ።

ጠዋት ከጉምሩክ ተደውሎልኝ ነበር። ወደ ውጭ የላክነውን እሽግ ሲከፍቱ የእናቴን ስድስት ጠገራ ብሮችና ብሮቹን ለሚገዛሽ ሰው የጻፍሽውን ደብዳቤ አገኙ። ቅጹ ላይ «የልብስ ቁልፍ» ብለሽ ሞልተሻል። ጥንታዊ ገንዘብ ያለ ፈቃድ ከአገር ስለማይወጣ ብሮቹ ተወርሰዋል።

«ዋጋቸው ተገምቶ ይመለሳሉ» ስትዪኝ ወላሂ አመንኩሽ።

ቅጹን ሳላነብ የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ እሱን ባንቺ አላላክክም።

እማዬ ብሮቹን ያስቀመጠቻቸው በእህቴ ሰርግ፣ በኒካሁ ቀን፣ አንገቷ ላይ ልታስርላት ነበር። ዛሬ ለእማዬ እነግራታለሁ። ያንቺን ስም ግን አላነሳም።

ለኒካሁ ስትመጪ እማዬ ከሁሉ አስቀድማ አንቺን አቅፋ ትስምሻለች። እኔ ጥግ ቆሜ አይሻለሁ።

ኢብቲሳም