በጎቹ የሚራቡበት ጨዋታ

መጋቢት 9

ከሥራ ስመለስ አባዬ እንደተለመደው ግድግዳውን እያየ ተቀምጧል። ማየትስ አያየውም... የዓይን ሞራው ሁለቱንም ሸፍኗቸዋል፣ ግራው ይብሳል። ወንድሜ ኡላርቤክ ከተራራው መንደራችን ከአት-ባሺ አምጥቶ ደጃፌ ላይ አስረክቦኝ ሄደ። "አንቺ ከተማ ነሽ፣ ሐኪም ቅርብሽ ነው" ብሎ። ሐኪሙማ ቅርብ ነው። የራቀው አባዬ ነው።

ዛሬም ጠየቅኩት። "አባዬ፣ ቀጠሮ ልያዝልህ?"

"የጎረቤታችንን የሳሪባይን ዓይን ነክተው ምን አደረጉት?"

"እሱ እኮ ድሮ ነው።"

"ዓይኑ ግን እስከ ዛሬ አያይም።"

ሐኪሟ ከሰኔ ካለፈ ሞራው ይደድራል፣ ኋላ ይከብዳል ብላለች። ይህንንም ነገርኩት። ሻይ ጠየቀኝ።

መጋቢት 11

ኮምፒውተሩ ላይ ምን እንደምሠራ ጠየቀኝ። እንዴት ይነገራል?

"ጨዋታ ነው። የፈለግከውን ትገነባለህ፣ አገሩን ትዞራለህ። ሞድ የሚባል አለ፣ ሰዎች በጨዋታው ላይ የሚጨምሩት። አንዱ ወንዝ ይጨምራል፣ ሌላው ባቡር። እኔ እለቅማቸውና እርስ በርስ እንዳይጣሉ አስማማቸዋለሁ። ሌላ አገር ያሉ ሰዎችም እዚያው ገብተው አብረው ይጫወቱበታል።"

"አስታራቂ ነኝ በይኛ።"

"እንደዚያ በለው።"

"በግ አለው?"

አለው። ድምፁን ከፈትኩለት። በጉ ባ አለ። አባዬ ከግድግዳው ዞረ... ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

መጋቢት 15

አፍንጫውን ስክሪኑ ላይ ለጥፎ ይጫወታል። አረንጓዴ ጭጋግና ነጭ ጭጋግ ቢታየው ነው። ነጩ በግ ነው፣ አለቀ። "እንዴት ያማሩ በጎች ናቸው" ይላል። ምን እንደሚመስሉ አልነገርኩትም።

ቅሬታው ግን አያልቅም። ሣሩ ወዲያው ይበቅላል፣ ውሸት ነው። ፈረሱ ማንም ሲጠራው ይሄዳል፣ "ይሄ ፈረስ ነው ታክሲ?" ሣሩን የሚያዘገይ ሞድ ፈልጌ ጨመርኩ። ፈረሱንም ባለቤቱን ብቻ እንዲያውቅ አደረግኩት። ማታ ሁለት ሳህን በላ።

ሚያዝያ 2

ኤቫንድሮ ጻፈልኝ። ብራዚል ያለ የጥርስ ሐኪም ነው፣ በስብስቤ ቤተ መንግሥት ሲገነባ ነው የከረመው። "ሣሬ አለቀ። በጎቼ እየከሱ ነው። ምን ላድርግ?"

ለአባዬ አነበብኩለት።

"ይንቀለዋ።"

"ምኑን?"

"ቤቱን ነዋ። ሣር ሲያልቅ ሰው ተነሥቶ ይሄዳል እንጂ ድንጋይ ይከምራል?"

"አባዬ፣ የግንባታ ጨዋታ እኮ ነው።"

"እንግዲያው ጨዋታው ተሳስቷል።"

እንዳለው ተርጉሜ ላክሁ፣ ለቀልድ። ኤቫንድሮ ቤተ መንግሥቱን አፈረሰ። ድንኳን ተከለ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። ለምን እንደታዘዘ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ሚያዝያ 10

ጉድ ነው። አባዬ ትናንት "ከሰው ቤት ዳቦ ሳይቀምስ የሚወጣ እንግዳ የት አገር አለ?" ብሎ ስለተቆጣ፣ በሩ ዳቦ ላልቀመሰ እንዳይከፈት አድርጌ ነበር። ዛሬ ግማሹ ተጫዋች ድንኳን ውስጥ ተቆልፎ ዋለ። ስንዴ የለም። ስንዴ ያለው ውጭ ነው፣ ውጭ ለመውጣት ደግሞ ዳቦ ያስፈልጋል። አንዱ እብድ ነሽ ብሎኝ ለቆ ሄደ።

"ዳቦ የሌለበት ቤት መጀመሪያውኑ ምን ሊሠሩ ገቡ?" አለ አባዬ፣ ከልቡ። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እማዬ ካረፈች ወዲህ እንዲህ ስቄ አላውቅም።

ሚያዝያ 21

አዲስ ሕግ ከአባዬ። የሚገባ ሁሉ የተወለደበትን ዓመት ይናገር። "ማን እንደሚበልጥ ሳላውቅ ለማን ነው ቀድሜ የምነሣው?" ሌላም አለ። ወደ ጃይሎ፣ ማለት ወደ በጋ ግጦሹ ተራራ ሲወጣ፣ በዕድሜ የሚበልጠው መጀመሪያ ፈረሱ ላይ ይወጣል። እሱ ሳይወጣ ማንም ድንኳኑን መንቀል፣ በጎቹንም መንዳት አይችልም።

ሁሉንም ጻፍኩለት። አባዬ ሰባ አራት ዓመቱ ነው፣ ሌሎቹ ልጆች ናቸው። ቀኑን ሙሉ ያንጎራጉራል።

ግንቦት 4

የጉዞው ቀን። ሁሉም ተሰብስቧል። አባዬ ፈረሱን ጠራው... ፈረሱ አልንቀሳቀስ አለ።

"ተበላሸ" አለኝ።

አየሁት። አልተበላሸም። ባለፈው ሳምንት አንዲት ኢርሜሊ የምትባል ሴት ገብታለች፣ ከፊንላንድ። ሰባ ስምንት ዓመቷ።

"ሴት ናት?"

"ሕጉ ላይ ወንድ ይሁን ሴት አላልክም።"

አሰበ። "እውነት ነው፣ አላልኩም" አለ። ጉሮሮውን ጠረገ። "በያት... እትዬ፣ ይቅደሙ።"

እትዬ አልቀደመችም። ለእኔ ብቻ ጻፈችልኝ። "አባትሽ በግራው በኩል ያለውን ምሰሶ ሁሉ እየገጨ ነው የሚሄደው። ተኩላው በጉን ሲወስድበት አጠገቡ ቆሞ ነበር። ዓይኑን ምን ሆነ?" ዕድሜዋን ሙሉ ዓይን ክፍል ነርስ ነበረች። ሁሉንም ነገርኳት። ሳሪባይንም ጭምር። ለማንም ነግሬ ስለማላውቅ ቀለለኝ።

መልሷ አጭር ነው። "ዓይኑን እስኪሠራ ድረስ እኔ ፈረሴ ላይ አልወጣም።"

ግንቦት 6

አነበብኩለት። ፊቱ ቀላ።

"እትዬ፣ የበጎቹ ጥፋት ምንድን ነው በያት።"

"የዓይንዎ ጥፋትስ ምንድን ነው?" አለች እሷ።

ለታላቅ መልስ አይሰጥም። ትበልጠዋለች።

ግንቦት 9

ሣሩ ቢጫ ሆኗል። ኤቫንድሮ በጎቹን በአክስቶቹ ስም ነው የሚጠራቸው፣ "አክስት ዙልሚራ ተኛች፣ አልነሣም አለች" ብሎ ይለምናል።

"ሣሩን መልሽው" አለኝ አባዬ።

መመለስ እችላለሁ። አንዲት የኮድ መስመር ናት። "አልችልም" አልኩት። "ቶሎ የሚበቅል ሣር ውሸት ነው ያልከው አንተ ነህ።"

እራት አልበላም። ተናዶ ወደ ኡላርቤክ ውሰዱኝ ቢልስ? እዚያ ሌላ ግድግዳ ፊት ተቀምጦ እንደዚያው ቢጨልምበትስ? ፈራሁ። በጣም ፈራሁ።

ግንቦት 11

ጠዋት ኮፍያውን አድርጎ በሩ ላይ ቆሟል።

"ወዴት ነው?"

"ሐኪም ቤት ነዋ። በእኔ ሰበብ በግ አይሞትም።"

ሚኒባሱ ውስጥ እጄን ያዘኝ። "እፈራለሁ" አለኝ። አባዬ እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም። እኔም አጥብቄ ያዝኩት።

ቀጠሮው ለአሥራ ስድስት ተያዘ። ለኢርሜሊ ነገርኳት። "ጥሩ። ሲያይ እወጣለሁ።" ጨካኝ ናት። ወደድኳት።

ግንቦት 16

ግራው ተሠራ። ተኝቷል። እኔ አልተኛሁም።

ግንቦት 17

ፋሻው ተነሣ። ቤት እንደገባን ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ "ክፈቺው" አለኝ። ከፈትኩት።

አየ። ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበና እንደገና አየ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"በግ።"

"ይሄስ?"

"ፈረስህ።"

"ሣጥን ናቸው።"

"አዎ፣ አባዬ። ጨዋታው ሁሉንም በሣጥን ነው የሚሠራው።"

"ፀሐይዋም?"

"ፀሐይዋም።"

"ጥርስ ሐኪሙም?"

"እሱም። አንተም።"

እጁን ከጠረጴዛው አነሣ። አበቃ አልኩ በልቤ። አሁን ይነሣል፣ ግድግዳው ፊት ይቀመጣል። ለምን ቀድሜ አልነገርኩትም?

"ምስኪኖች" አለ በመጨረሻ። "ሣጥን መሆናቸው ሳያንስ ደግሞ ተርበው።" ወንበሩን አስጠጋ። "እትዬን አየሁ በያት። ይውጡ።"

ኢርሜሊ ፈረሷ ላይ ወጣች። አባዬ ቀጠለ። ድንኳኑ ሁሉ ተነቀለ፣ ሣጥኖቹ ሣጥኖቹን እየነዱ ተራራውን ያዙ። አክስት ዙልሚራም ከመጨረሻ እያነከሰች ተከተለች።

ግንቦት 18

ቁርስ ላይ ሻይ ስቀዳ ትክ ብሎ አየኝ።

"ካኒሻይ፣ ሸብተሻል።"

"ቆየ እኮ።"

"ከመቼ?"

"እማዬ ካረፈች ወዲህ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

ይሄ ይነገራል እንዴ? አለቀስኩ። እሱ ሲያየኝ ማልቀስ ረስቼ ነበር... ለካ እስከ ዛሬ ያላለቀስኩት የሚያየኝ ስለሌለ ነው።

ማንቆርቆሪያውን ከእጄ ወሰደ። "ተቀመጪ" አለኝ። እሱ ለሰው ሻይ ቀድቶ አያውቅም። በእኛ ዘንድ ሲኒ የሚሞላው ቶሎ ቢሄድ ለሚፈለግ እንግዳ ነው፣ ለቤተሰብ ትንሽ ትንሽ ነው የሚቀዳው። ሲኒዬን አፉ ድረስ ሞላልኝ፣ ጠረጴዛው ላይም ፈሰሰ። እስከ ታች ጠጣሁት።

ከዚያ የቀኙ ዓይን ቀጠሮ መቼ እንደሆነ ጠየቀኝ።