በባትሪ የተለካው ምት

ይድረስ፣ እስከ ሰኞ እጮኛዬ ስልህ ለነበርከው።

እንደምን ሰነበትክ? ጉንፋኑ ለቀቀህ? እኔ ደህና ነኝ። የደብረ ብርሃን ብርድ ብቻ አልለቀቀንም።

ሰኞ የመምሪያው ጸሐፊ ደመቀች ደውላ፣ "እህቴ፣ ውልሽ አይታደስም። የአንኮበሩ መስመር የተቆራረጠው እኔ በዘረጋሁት ሽቦ ነው ብለሽ ፈርመሽ የለ?" አለችኝ። ፈርሜያለሁ። አንተ ጽፈህ ያመጣህልኝን። "አንቺን ይወዱሻል፣ ይምሩሻል፤ እኔን ግን ያባርሩኛል" ብለኸኝ።

ሐሰት መሆኑን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

አንኮበር፣ የመገናኛ ማማው ሥር የለካን ቀን ትዝ ይበልህ። ከዩኒቨርሲቲው የሚላከው የሲግናል ምት ሁሉ በሰዓቱ መድረስ ሲገባው አንዴ ይቀድማል፣ አንዴ ይዘገያል። ዘበኛው ጋሽ ወልደተንሣኤ፣ "መዘግየት ለማየት እዚህ ድረስ ምን አወጣችሁ? ጫጫ ላይ ሚኒባስ አትጠብቁም?" ሲሉን ከሁሉም በላይ የሳቅከው አንተ ነህ። እኔ መዋዠቁን ለሁለት ከፈልኩት። አንዱ ክፍል መልክ የለውም፤ ከመሣሪያው ሙቀት የሚመጣ፣ ማንም የማይጠየቅበት። ሌላው በሰከንድ መቶ ጊዜ፣ በአንድ ልክ ይመላለሳል። ምንጭ አለው። አንተ የገዛኸውን ርካሽ የኃይል አዳፕተር ነቅዬ፣ መሣሪያውን በባትሪ አስነስቼ ስለካው ያ ክፍል ጠፋ። ሽቦዬን አልነካሁትም ነበር።

ያኔ አፈርክ። አሳዘንከኝ። ጥፋትህን መሸከም ትዳር መሰለኝ።

አንተንም እንዲሁ ለሁለት ልከፍልህ ሞከርኩ። ያላነሳሃቸው ስልኮች፣ የረሳሃቸው ቀጠሮዎች። አንዳንዱ ምክንያት የለውም፤ ሰው ነህ፣ ትቼዋለሁ። የቀረው ግን... ከፈረምኩ ወዲህ ሦስቴ መምሪያው ቢሮ ገብተህ "ውሏ መቼ ያልቃል? ቦታው ለኔ ይሆናል ወይ?" ብለሃል። ደመቀች ናት የነገረችኝ። ሦስቴ።

ዛሬ ጠዋት በባትሪ የተለካውን ከነግራፉ ለመምሪያው ኃላፊ ሰጠሁ። ፊርማዬን መሻሬንም ጻፍኩ። "ታዲያ መጀመሪያ ለምን ፈረምሽ?" አሉኝ።

ምናልባት ሁለታችንንም ያባርሩናል። እግዚአብሔር እንጀራህን አይንሳህ፤ ከልቤ ነው። ለእናትህ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

አንኮበር ያለው አባቴ፣ ለዳግማ ትንሣኤ ሽማግሌዎችህ ይመጣሉ ብሎ፣ የሳሎኑን ግድግዳ እያስለሰነ ነው። ቅዳሜ ሄጄ እነግረዋለሁ። መጀመሪያ ግን ልስኑን ይጨርስ።

የቤተ ሙከራ ባልደረባህ