አንድ ብርቱካን ለስልሳ ሦስት፦ የእትዬ እጥረት የሕይወት ታሪክ

ዛሬ የምንሸኛቸው መምህርት፣ ለእኛ እህት፣ እናትና አክስት፣ ለተማሪዎቻቸው ደግሞ «እትዬ እጥረት» የነበሩት፣ ከሚዛን ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከአውቶቡስ ማዞሪያው ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት የዛሬ ስልሳ አንድ ዓመት ተወለዱ። የፊተኛዋ ክፍል የአባታቸው ሱቅ ነበረች፤ የኋለኛዋ ደግሞ የቀረው ኑሮ ሁሉ። ለወላጆቻቸው ሁለተኛ ልጅ ነበሩ። ታላቅ ወንድማቸው፣ አጎታችን፣ ዛሬም በዚያው ሱቅ ሚዛን ይጠግናሉ።

ባለፈው ሰኞ ማታ ስልክ ደውለው ሲያስቁን የነበሩ ሰው ናቸው። «ነበሩ» ብሎ ለመጻፍ እጅ እንቢ ይላል።

በልጅነታቸው የቤት ሥራቸውን የሚሠሩት ከሱቁ ባንኮኒ ሥር ተቀምጠው ነበር። አንዳንድ ነጋዴ ሚዛኑን ይዞ ይመጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ትንሽ ወደኔ ቢያዘነብልስ?» ሲል፣ አባታቸው «ሚዛን ዘመድ የለውም» ብለው ሲመልሱት ከሥር ሆነው ይሰሙ ነበር። ይህች አባባል ከቤታችን ወጥታ አታውቅም። ዕቃ ስንካፈልም፣ ስንጣላም አክስታችን እሷን ይጠቅሱብን ነበር።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው አጠናቀው ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ እናታቸው ሐኪም እንዲሆኑ ተመኝተው ነበር። እሳቸው ኢኮኖሚክስ መረጡ። «እሱ ደግሞ የምን በሽታ ያድናል?» ተብለው ሲጠየቁ፣ «የሚድን እንደሆነ ገና ላየው ነው» ብለዋል ይባላል። በሃያ ሦስት ዓመታቸው ተመርቀው የተማሩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተቀጠሩ። ከዚያ ትምህርት ቤት ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት አልሄዱም። ባንክ ጠራቸው፣ አልሄዱም። ባለፈው ዓመት ጡረታቸው ደርሶ ነበር። በእሳቸው ቦታ የሚገባ የኢኮኖሚክስ መምህር ስላልተገኘ ርእሰ መምህሩ ለምነዋቸው ቀሩ።

በሃያ ስምንት ዓመታቸው አብረዋቸው ከሚያስተምሩት የጂኦግራፊ መምህር ጋር ትዳር መሠረቱ። ባለቤታቸው እንደሚያጫውቱን፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል የጋብቻ ጥያቄያቸውን ሲያቀርቡ የመጀመሪያው መልስ «ሌላ አማራጭ አላየህም ወይ?» የሚል ነበር። አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ልጃቸው መሐንዲስ ሆና ውጭ አገር ስትቀጠር ሰው «እንኳን ደስ ያለሽ» ሲላቸው፣ «ጥሬ ዕቃ ላክን፤ ተሠርቶ ሲመለስ በስንት እንደምንገዛው እንጃ» እያሉ ይስቁ ነበር። ዘወር ብለው ግን ያለቅሱ ነበር። ልጃቸው ትናንት ማታ ገብታለች።

«እጥረት» የሚለው ስም የወጣላቸው ከመጀመሪያው ቀን ትምህርታቸው ነው። በየዓመቱ አንድ ብርቱካን ይዘው ክፍል ይገባሉ። ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡና ስልሳ ሦስቱን ተማሪዎች «ማን ይብላው?» ብለው ይጠይቃሉ። «የራበው!»፣ «ጨረታ ይውጣበት!»፣ «ዕጣ ይጣል!»፣ «ቲቸር ይብሉት፣ ይገላገሉ!» እያሉ ይንጫጫሉ። እሳቸውም መልሱን ሁሉ ሰሌዳ ላይ ጽፈው፣ «ሁላችሁም ልክ ናችሁ። ችግሩ ብርቱካኑ አንድ መሆኑ ነው» ይላሉ። በአንዱ ዓመት ግን፣ ክፍሉ በክርክር ሲናወጥ፣ ከፊት ወንበር ያለ አንድ ልጅ ብርቱካኑን ልጦ በላው። አክስታችን ዕንባቸው እስኪፈስ ከሳቁ በኋላ፣ «ይሄ ደግሞ ሥርዓት የሌለው ገበያ ይባላል» ብለው ለቅጣት ምዕራፍ አንድን አስያዙት። የምዕራፉ ርእስ «እጥረትና ምርጫ» ነበር። ልጁ ከዚያ ወዲያ «ብርቱካን በሊታው» ተብሎ ቀረ።

ምዕራፍ ማስያዝ የእሳቸው ፈጠራ ነው። ትምህርት ቤቱ ለአንድ ክፍል የሚሰጠው ዘጠኝ መጽሐፍ ብቻ ነበር። ሰባት ሰባት ተማሪ በአንድ መጽሐፍ ላይ አንገቱን ሲያሰግግ አይተው፣ ባለ ሰባት ምዕራፉን መጽሐፍ እየፈቱ እያንዳንዱን ምዕራፍ ለብቻው በእናታቸው የስፌት ክር ሰፉት። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ምዕራፍ በእጁ ያዘ። የያዘውንም ለሌላው የማስተማር ግዴታ ነበረበት። ርእሰ መምህሩ የመንግሥት ንብረት ቀደዱ ብለው በደብዳቤ ጠየቋቸው። መልሳቸው «አልቀደድኩም፤ ዘጠኙን ስልሳ ሦስት አደረግኋቸው» የሚል ነበር። ማስጠንቀቂያ ተጻፈባቸው። በሚቀጥለው ዓመት የፊዚክሱ መምህርም ክር ሊጠይቁ መጡ።

የመጨረሻው፣ ሰባተኛው ምዕራፍ «የታዳጊ አገር ፈተናዎች» የሚለው ነው። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት የሚያስተምሩት እሱን ነበር። ስለ ውጭ ምንዛሪ እጥረት፣ አንድ አገር ያላመረተችውን ዕቃ መግዣ ስታጣ ምን እንደምትሆን ሲያስረዱ ሳል ያዛቸው። ለዓመታት የሚያስቸግራቸው አስም ነው ብለው ተማሪዎቻቸው ውኃ አቀበሏቸው። ጠጥተው ሁለት ዓረፍተ ነገር ያህል ቀጠሉ። ከዚያ ሰሌዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ፤ መነሣትም አልቻሉም።

ሆስፒታል ሲደርሱ ሳንባቸው ክፉኛ መታመሙ ታወቀ። በዚያው ሰዓት የነዳጅ ቦቴ ውስጥ ሲበይድ በጭስ የታፈነ ወጣት በጓደኞቹ ሸክም ገባ። ሁለቱም የመተንፈሻ መሣሪያ ያስፈልጋቸው ነበር። ሆስፒታሉ ሦስት መሣሪያ አለው፤ የሚሠራው ግን አንዱ ብቻ ነው። ተረኛው ሐኪም ያ ብርቱካን በሊታው ልጅ ነበር።

ቀጥሎ ያለው አይጻፍ ያሉን ዘመዶች ነበሩ። የጻፍነው ያዩት ሰዎች ስለነገሩን፣ ደግሞም እውነቱ የእሳቸው ስለሆነ ነው። ነርሷ እንደመሰከረችው፣ አክስታችን በኦክስጅን ጭንብሉ ውስጥ የሐኪሙን ፊት አይተው፣ «አሁንም አንድ ብርቱካን ነው?» አሉት።

«አዎ፣ ቲቸር።»

«እንግዲያው ምን ታየኛለህ? ለልጁ ስጠው።»

ሐኪሙ ግን ለእኛ ሲናገር በዚህ አልተጠለለም። «ውሳኔው የኔ ነው። ልጁ ደቂቃ አልነበረውም። እሳቸው በጭንብል እስከ ነገ ይቆያሉ፣ እስከዚያ ከሌላ ከተማ መሣሪያ እናገኛለን ብዬ ገምቼ ነበር። ግምቴ ተሳሳተ» ብሏል። ከሌላ ከተማ የተጠየቀው መሣሪያም በሰው ላይ ነበር። መምህርታችን ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ አረፉ።

ድንጋጤው ቤታችንን ለሁለት ከፈለው። ታላቅ ወንድማቸው በኮሪደሩ ሐኪሙን ደረቱን ይዘው፣ «ያስተማረችህ እሷ! ያኔ ያልደረሰህን በላህ፤ ዛሬ የእሷን ለሰው ሰጠህ!» ብለው ጮኹ። ሐኪሙ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። አጎታችን ይህ ሰው ቀብር ላይ እንዳይታይ አሉ። ግማሻችን ተስማማን፣ ግማሻችን ይምጣ አልን።

ሐሙስ ጠዋት አጎታችን የእህታቸውን ቦርሳ ሊወስዱ ወደ ሆስፒታሉ ተመለሱ። በክፍሉ ጥግ በአንሶላ የተሸፈኑትን ሁለት መሣሪያዎች አይተው፣ የጥገና ሰው ናቸውና አንሶላውን ገለጡት። «ምን ሆነው ነው?» ሲሉ ቴክኒሻኑ ከመሳቢያው በሁለቱም ላይ የተበላሸችውን አየር ማሳለፊያ፣ አንዲት የተሰነጠቀች ክዳን አውጥቶ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠላቸው። የአውራ ጣት ጥፍር ታህላለች። የውጭ ምንዛሪ ስላልተፈቀደ ምትኳ ሳትመጣ ከታዘዘች ዓመት አልፏታል።

አጎታችን ያቺን ክዳን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሧት። «ይቺ ናት?» አሉ። «ይቺ ናት እህቴን የገደለቻት?» ከዚያ ሐኪሙን ፈልገው አገኙት። ይቅርታ መጠየቅ አይሆንላቸውም፤ ያሉት «ነገ ከኛ ጋር ትቆማለህ» ነው። ሲመለሱ ለቤተሰቡ የተናገሩት ደግሞ የአባታቸውን ቃል ነው፦ «ሚዛን ዘመድ የለውም።» ከዚያ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

የዚያኑ ዕለት ርእሰ መምህሩ ክፍሉን ሊያሰናብቱ ቢገቡ፣ ተማሪዎቹ በቦታቸው ተቀምጠዋል። ምዕራፍ ሰባትን ከያዙት አንዷ ሰሌዳው ፊት ቆማ መምህርቷ ካቆሙበት ዓረፍተ ነገር ጀምራ ታስተምር ነበር። ርእሰ መምህሩ ከኋላ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

መምህርታችን ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ታላቅ ወንድማቸውን፣ ታናናሾቻቸውን፣ የወንድምና የእህት ልጆቻቸውንና ከትምህርት ቤታቸው የወጡ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ተማሪዎችን ትተው ሄደዋል። ከቤተሰቡ ጋር የቆመውም ብርቱካን በሊታው ነው፤ የምታውቁት እጁን ያዙት። ወጣቱ በያጅ ዛሬ ጠዋት ከመሣሪያው ተላቆ በራሱ ተንፍሷል። መሣሪያውን ማን እንደለቀቀለት ገና አልነገሩትም።

አክስታችን ክፍል ሲዘጉ ሁልጊዜ «ያልገባው እጁን ያውጣ» ይሉ ነበር። እትዬ፣ ዛሬ እጃችንን ያወጣነው ሁላችንም ነን። አልገባንም።

ፈጣሪ ነፍስዎን ምንም በማያጥርበት፣ ማንም ከማንም በማይመረጥበት ስፍራ ያሳርፍልን።